ከምረቃው በኋላ ማን ይከፍላል? የአውራ ጎዳናና የከተማ ባቡር ገንዘብ ታሪክ



የመንገድ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የምረቃው ቀን ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከምረቃው በኋላ ላሉት ዓመታት ነው፤ ለጥገናው የከፈለው ማን ነበር?

መነሻዬ 1943 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን በብዙ ወጪ ያሠራቸው መንገዶች ከነጻነት በኋላ በጥገና እጦት ተጎድተው ነበር። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች። የብድሩ ዋና ዓላማ የነበረውን መንገድ ማደስና መጠበቅ ነበር። በዚያው ዓመትም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን የመሩት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ነበሩ።

ይሁን እንጂ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አንድ ነገር፣ ቋሚ ገቢ መመደብ ሌላ ነገር ነው። የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66 የተቋቋመው በ1989 ዓ.ም. ነው። ዋና ምንጩ ከነዳጅ ሽያጭ የሚሰበሰብ ክፍያ ሲሆን፣ ገንዘቡ ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደኅንነት ይውላል። ባለመኪናው ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ለሚሄድበት መንገድ ያዋጣል ማለት ነው።

አሁን ወደ ከተማው ባቡር እንሻገር። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከ475 ሚሊዮን ዶላሩ ወጪ 85 በመቶው ከቻይና ኤክሲም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ዕዳውና መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ይከፈላሉ፤ ተሳፋሪው የሚከፍለው ግን ጥቂት ብር ነው። ብዙ ዓመት ሳይቆይ በርካታ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። በእኔ አመለካከት ይህ የ1943ቱ ችግር በሌላ መልክ መመለሱ ነው፤ ለመሥራት ተበደርን፣ ለመጠበቅ ግን ቋሚ ምንጭ አላበጀንም።

አሜሪካም ይህን ጥያቄ አስተናግዳለች። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1956 የአውራ ጎዳና ፈንዷን በነዳጅ ቀረጥ ላይ መሠረተች። በ1982 ቀረጡ በጋሎን 5 ሳንቲም ሲጨመር፣ ከጭማሪው 1 ሳንቲም ለብዙኃን ትራንስፖርት ተለየ። ድርሻው ትንሽ ቢሆንም በሕግ የታወቀ ነበር።

«የገጠሩ ገበሬና ጭነት አመላላሹ የአዲስ አበባን ባቡር ለምን ይሸከማሉ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋ ነው። ስለዚህ ከነዳጅ በፊት ባቡሩ ዋጋውን ከፍ ያደረገውን በጣቢያዎች ዙሪያ ያለውን መሬት መመልከት ይገባል ባይ ነኝ። ከዚያ መሬት የሚገኘው የሊዝ ገቢ በከፊል ለባቡሩ ጥገና በሕግ ቢመደብ፣ ከፋዩ የተጠቀመው ራሱ ይሆናል።

ከመካከላችሁ ነገ በበጀት ጠረጴዛ ዙሪያ የምትቀመጡ ትኖራላችሁ። አዲስ መስመር ሲቀርብላችሁ፣ ከዋጋው ቀጥሎ የዐሥረኛው ዓመት ጥገና ከየት እንደሚከፈል ጠይቁ።