ወንድ መስለው የኖሩ ሴቶች

ስማቸውንና ልብሳቸውን ቀይረው ለሴት ወደተከለከለ ገዳም፣ መርከብ ወይም ጦር ሜዳ የገቡ ሴቶች።

በኢትዮጵያ በሰፊው የምትታወቀው ቅድስት እንባ መሪና ናት፤ ስንክሳር በሚነበብባቸው አብያተ ክርስቲያናት ነሐሴ 15 ትታሰባለች። እናቷ ሞታ አባቷ ሊመነኩስ ሲነሣ አልለይህም አለችው፤ ፀጉሯን ተላጭታ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ አብራው ገዳም ገባች። በኋላ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ አርግዛ በእርሷ አመካኘች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ነጻ በወጣች ነበር፤ ዝም አለች። ከገዳም ተባርራ ያልወለደችውን ሕፃን አሳደገች። ሴትነቷ የታወቀው ስትሞት፣ አስከሬኗ ሲገነዝ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ድፍረት በጦር ሜዳም አይገኝም።

አዲስ አገር ፍለጋ ከወጡት አንዷ ፈረንሳዊቷ ዣን ባሬ (1740–1807 እ.ኤ.አ.) ናት። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሴት እንዳትሳፈር ይከለክል ስለነበር፣ የዕፅዋት ተመራማሪው የኮሜርሶን ወንድ ረዳት መስላ፣ የመርከብ አዛዡ ቡገንቪል ዓለምን ለመዞር ባደረገው ጉዞ አብራ ሄደች። ምስጢሯ በመንገድ ወጣ። ቢሆንም በ1775 እ.ኤ.አ. ገደማ አገሯ ስትገባ፣ ዓለምን መዞሯ የታወቀ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በስሟ አንድ የዕፅዋት ዝርያ የተሰየመው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ እጅግ ዘግይቷል።