ሴንሰሩ ሲዋሽ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትሄዱ ሆለታን አልፋችሁ የምታገኙት ኤጀሬ አለ፣ የምዕራብ ሸዋው። የዛሬው ትረካዬ ግን ስለ ምሥራቅ ሸዋው ኤጀሬ ነው፣ ጊምቢቹ ወረዳ፣ ከቢሾፍቱ ማዶ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከጠዋቱ 2፡38 ከቦሌ ለናይሮቢ ተነሣ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነው፤ አፍንጫው ግራና ቀኝ ላይ አውሮፕላኑ ነፋሱን በስንት ዲግሪ እንደሚገጥም የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። ወዲያው ተጣሉ። የቀኙ 15.3 ሲል የግራው 74.5 አለ። ሰባ አራት ተኩል! እንዲህ ቀና ብሎ የሚበር የመንገደኛ አውሮፕላን የት ታይቶ? ዲግሪው ሲበዛ አፍንጫውን የሚደፍቀው፣ ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ግን የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር፤ የዚያን ቀን የሰማው የግራውን ሆነ። አመነው፤ አፍንጫውን ደፈቀ። የካፒቴን ያሬድ ጌታቸው መሪ ይንቀጠቀጣል፣ ከረዳቱ ከአህመድኑር መሐመድ ጋር ቀና ያደርጉታል፣ ኤምካስ መልሶ ይደፍቃል። በ6 ደቂቃ ኤጀሬ አጠገብ ተከሰከሰ፤ 157 ሰው አለቀ። ከዚያ በፊት፣ አምስት ወር እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ኢንዶኔዢያ ላይ ያው ሶፍትዌር 189 ሰው ቀጥፎ ነበር።

«ሳይፈተን ነው እንዴ የበረረው?» ትሉኛላችሁ። ተፈትኗል እንጂ! ዛሬማ የመፈተኛ ዳታ ራሱ እያመነጨ ኮዱን የሚያጨናንቅ ፕሮግራም አለ፤ ዜሮውን፣ ጣሪያውን፣ ከጣሪያው በላይ ያለውን፣ ሰው ሊያስበው የሚሰንፈውን ቁጥር ሁሉ ሌሊቱን ሲያጎርስ ያድራል። እኔ በበኩሌ እወደዋለሁ። ግን 74.5ን ለያኔው ኤምካስ ብታጎርሱት አፍንጫውን ይደፍቃል፤ ትእዛዙም «ዲግሪው ሲበዛ ድፈቅ» ነውና ፈተናውን አለፈ ይባላል። ቁጥር ማመንጨት የማሽን ነው፤ «ይህ ልክ ነው?» ብሎ መፍረድ ግን የሰው።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነገር ነው ከሁሉ የሚያንገበግበኝ። ቦይንግ በሲሙሌተር ኤምካስ ያለ አግባብ አፍንጫ ሲደፍቅ ፈትኗል፤ ለዚያ የሚያበቃውን የሴንሰር ውሸት ግን አላስገባም። ስለዚህ ፓይለቶቹ ላይ በአንዴ የሚዘንበው የማስጠንቀቂያ ጋጋታ በፈተናው አልታየም።

በኋላ ተስተካከለ፤ ኤምካስ ሁለቱንም ሴንሰር ያወዳድራል፣ ልዩነታቸው 5.5 ዲግሪ ከደረሰ ዝም ይላል። እናንተ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ ለዳታ አመንጪያችሁ ከጤነኛው ሴንሰር በፊት የተበላሸውን ስጡት።