ከአገልግል እስከ ብስክሌት መሪ

ባለፈው ስብሰባችን የቆዳ ሥራ ቡድናችን አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የአሮጌ ኮርሳ ብስክሌቶችን መሪና የመሪ አንገት በቆዳ መልበጥን እንደ አንድ የገቢ ሥራ እንያዘው የሚል ነው። ሐሳቡ ሲቀርብ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ተነሣ። አንዳንዶቻችን «ብስክሌት የወንዶች ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ቆዳ ስንሰፋ ጎረቤት ምን ይለናል?» ተባባልን። ሁለቱም ጥያቄዎች የቆየ ታሪክ አላቸው። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ታሪኩን አብረን ብናየው ይጠቅመናል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን።

ቆዳና የቆዳ ሰው

በአገራችን ቆዳ የማይገባበት ቤት አልነበረም። አባቶቻችን የተኙበት አልጋ በጠፍር የተጠለፈ ነበር። እናቶቻችን እኛን ያዘሉበት አንቀልባ ቆዳ ነው፤ እህሉ የተጫነበት ስልቻ ቆዳ ነው፤ ዳዊቱ የተጻፈበት ብራና፣ የተቀመጠበት ማኅደር፣ በበዓል የሚመታው ከበሮ ሁሉ ከቆዳ ውጭ አይሆንም።

ከሁሉም ለኛ የሚቀርበው አገልግል ነው። ስፌቱን ሴት በአክርማና በስንደዶ ትሰፋዋለች፤ ከዚያ ከውጭ በቆዳ ይለበጣል። ለባጩ ቆዳውን አርጥቦ ያለሰልሰዋል፤ በክቡ ላይ ወጥሮ በወስፌ እየበሳ ይሰፋዋል። ቆዳው ሲደርቅ ይሰበሰብና ስፌቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ጠፍርም እንዲሁ ነው፤ እርጥቡን ይወጥሩታል፣ ሲደርቅ ይጠብቃል። ይህንን ነገር ልብ እንበለው፤ ወደ ብስክሌቱ ስንደርስ ይመለሳል።

ዕቃው እንዲህ ተወዶ ሳለ ሠሪው ግን ተንቆ ኖረ። ቆዳ የሚያለፋ «ፋቂ»፣ ብረት የሚቀጠቅጥ «ጠይብ»፣ ሸክላ የምትሠራ «ቡዳ» እየተባለች ከጋብቻና ከማዕድ ስትገለል ኖራለች። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። አዋጁ ትልቅ ነገር ነበር፤ ነገር ግን ስድብ በአዋጅ ብቻ አይጠፋም። በስብሰባችን ላይ ድምፃችንን ዝቅ ያደረግነው ያው ስድብ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ እኛ ዘንድ ስለደረሰ ነው።

ቆዳ ማልፋት በብዙ የአገራችን ክፍል የወንድ ሥራ ሆኖ ይቆጠራል። በኮንሶ ግን ቆዳ የሚፍቁት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። መፋቂያውንም ከድንጋይ እየጠረቡ ራሳቸው ይሠራሉ፤ የዓለም የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች እነዚህን ሴቶች ለማየትና ከእነርሱ ለመማር ወደ ኮንሶ ተጉዘዋል። የድንጋይ መሣሪያ ሲነሣ የሚታሰበው ወንድ አዳኝ ብቻ ነበር። የኮንሶ ሴቶች ይህን ሐሳብ እንደገና እንዲመረመር አድርገዋል። በአፋርና በሶማሌም የወተትና የውሃ መያዣ ቆዳን በዛፍ ቅርፊት የሚያለፉት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ «ቆዳ የሴት ሥራ አይደለም» የሚለው አባባል ልማድ እንጂ እውነት አይደለም።

ብስክሌቱ ከወዴት መጣ?

ዛሬ የምናውቀው ሁለት እኩል ጎማ ያለው፣ በካቴና የሚሄድ ብስክሌት መልኩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በእንግሊዝ በሠራው «ሮቨር» ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ደንሎፕ በአየር የሚሞላ ጎማ አስመዘገበ፤ መንዳትም ቀለለ። ሴቶች ወዲያው ያዙት። ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችው አሜሪካዊት ሱዛን አንቶኒ እ.ኤ.አ. በ1896 ብስክሌት ሴቶችን ነፃ በማውጣት ከየትኛውም ነገር በላይ እንደሠራ ተናግራለች። ያለ ባልና ያለ ወንድም ርዳታ ከቤት ወጥቶ መመለስ መቻል በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

ቆዳም ከመጀመሪያው ከብስክሌቱ ጋር ነበረ። በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1866 የፈረስ ዕቃ በመሥራት የተቋቋመው ብሩክስ፣ ቆይቶ በቆዳ የብስክሌት መቀመጫ ስሙ ገነነ። የኮርቻና የልጓም ባለሙያ እጅ ወደ ብስክሌት የተሸጋገረው እንዲህ ነው። መሪውም በጨርቅ ወይም በቆዳ ይሸፈን ነበር፤ ባዶ ብረት በብርድ ያቃጥላል፣ በላብ ያዳልጣል፣ በኮረኮንች ላይም እጅን ያደነዝዛል።

ስለ መሪ ካነሣን አልፎንሲና ስትራዳን ማንሣት ይገባናል። ይህች ጣልያናዊት እ.ኤ.አ. በ1924 በጣልያን ዙሪያ በሚካሄደው ታላቁ ውድድር ከወንዶች ጋር የተወዳደረች ብቸኛ ሴት ናት። በአንዱ ቀን ከላኩዊላ ወደ ፔሩጃ ስትጓዝ መሪዋ ተሰበረ፤ የመጥረጊያ እንጨት ሰክታ መንገዷን ቀጠለች ይባላል። ሰዓት አልፎባት ከውጤት ብትሰረዝም አዘጋጆቹ አብራ እንድትጓዝ ፈቅደውላት፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተጓዘች።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ የብስክሌት ቋንቋችን ራሱ ታሪክ ይነግረናል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ኮርሳ፤ ሁሉም የጣልያን ቃላት ናቸው። መሪውንም የድሮ ጠጋኞች «ማኑብሪዮ» ይሉታል። በ1928 ዓ.ም. የገባው ወራሪ በ1933 ተባሮ ሲወጣ ቃላቱና ዕቃው ቀሩ። በአሥመራ ብስክሌት የከተማው መታወቂያ እስከ መሆን ደረሰ፤ የኤርትራ ዙሪያ ውድድር የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን ከሄዱት ስፖርተኞች መካከል እነ ገረመው ደንቦባ ያሉበት የብስክሌት ቡድን ነበር። ከዚያ ቡድን ሴት አልነበረችበትም። ለነገሩ የሴቶች የብስክሌት ውድድር በኦሎምፒክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ሰላም አምኃ ኢትዮጵያን ወክላ በቶኪዮ የጎዳና ውድድር የተሰለፈችው በ2013 ዓ.ም. ነው። ከሜልቦርን እስከ ቶኪዮ ከስድሳ ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

በእነዚያ ዓመታት የጉለሌ እናቶች እንዴት ይጓዙ እንደነበር እኛ እናውቃለን። ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቁልቁለቱን በእግር ይወርዱ ነበር። ዛሬም የሚወርዱ አሉ። ሁለት ጎማ ያለው ዕቃ በዚያው መንገድ ሲያልፍ ያዩ ነበር፤ ሸክሙ ግን ከጀርባቸው አልወረደም። «ብስክሌት እኛን ምን አገባን» ስንል ይህንን ማሰብ ያስፈልገናል። ያላገባን ስላልሰጡን ነው እንጂ ስላልጠቀመን አይደለም።

ሥራው እንዴት ነው?

ዛሬ በውጭ አገር አሮጌ ኮርሳ ማደስ የሚወዱ ብዙ ናቸው። በጣልያን ቶስካና እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው «ኤሮይካ» የተባለው ጉዞ በድሮ ብስክሌት ለሚመጡ ብቻ የተዘጋጀ ነው። እነዚህ ሰዎች መሪያቸው በእጅ በተሰፋ ቆዳ እንዲለበጥ ይፈልጋሉ። አሠራሩ ደግሞ አገልግል የለበጠ እጅ የሚያውቀው ነው።

የኮርሳ መሪ ውፍረት በእጅ መያዣው ላይ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ዙሪያው 75 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቆዳው ግን ከዚያ ጥቂት ጠበብ ተደርጎ ይቆረጣል፤ እርጥቡ ስለሚለጠጥ ልክ የተቆረጠው ላልቶ ይቀራል። አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ ቆዳ ይበቃል። ቀዳዳው በሁለቱም ጠርዝ በእኩል ርቀት ይበሳል። አንዱ ወገን 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና በየ5 ሚሊ ሜትሩ ብንበሳ፣ በአንድ ጠርዝ 120፣ በሁለቱም ወገን ተደምሮ 480 ቀዳዳ ነው። ክሩ በሰም ይታሻል፤ ሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ እየተሻገረ ይሰፋል። ስፌቱ መዳፍ በማያርፍበት በታችኛው በኩል እንዲውል ይደረጋል። በጎበጠው ቦታ ላይ ቆዳው እንዳይጨማደድ ከስፌቱ በፊት በደንብ ተርሶ በእጅ ይታሻል።

ሕይወት የሚነካ ጥንቃቄም አለው። አንገቱ መሪውን ጨብጦ በሚይዝበት ቦታ፣ በብረትና በብረት መካከል ቆዳ መግባት የለበትም። ቆዳ ይጨመቃል፣ ይላላል፤ መሪው በቁልቁለት ላይ ይዞራል። የፍሬን መያዣውም በብረቱ ላይ ከታሰረ በኋላ ነው ቆዳው የሚከተለው። አንገቱ ሲለበጥ ብሎኑ በሚጠብቅበት በኩል ክፍት ይተዋል። የሰፋችው ሴት ያልጠበቀ ብሎን ካየች «የኔ ሥራ ስፌት ነው» ብላ ማለፍ አይገባትም።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው በእጽዋት የለፋ ቆዳ ነው። በፋብሪካ በክሮም የለፋው ለስላሳ ቢሆንም ሲርስና ሲደርቅ እንደ እጽዋቱ ቅርጽ አይዝም። እዚህ ላይ ጎረቤታችን የሆነው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ይታወሰናል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ይህ ማዕከል፣ ባሕር ዛፍ በሸፈነው ተራራ ላይ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ እንዲመለሱ ይሠራል። ልጆቻችን ዛፍን በስሙ የሚማሩበት ቦታ ነው። እኛም ለልጆቻችን የምንጨምረው አለን፤ የግራር ቅርፊት ቆዳ ያለፋል፣ የእምቧይ ፍሬ ጠጕር ያስለቅቃል ቆዳም ያለሰልሳል፣ የተልባና የኑግ ዘይት ያረሰርሳል። ይህ እውቀት የተያዘው «ፋቂ» በተባሉት ሰዎች ዘንድ ነበር። ማዕከሉ ዛፉን ሲጠብቅ፣ የዛፉን ጥቅም የሚያውቀውን ሰው ማክበር የኛ ድርሻ ነው። ቅርፊት ግን ከማንኛውም ዛፍ አንልጥም፤ የለፋውን ቆዳ ገዝተን እንሰፋለን።

ዋጋው የማን ነው?

የአገራችን ቆዳ በዓለም የታወቀ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ካለው ሰላሌ የሚመጣው የበግ ሌጦ፣ ከወሎ የባቲው የፍየል ሌጦ በስማቸው የሚጠሩ ናቸው። የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት ይፈለጋል። ነገር ግን ብዙ ዘመን ወደ ውጭ የሄደው ጥሬው ወይም በከፊል የለፋው ነው። ስፌቱ፣ ማለትም ዋጋ የሚጨምረው ሥራ፣ በሌላ አገር እጅ ተሠራ። በቤታችንም ያው ነው፤ አገልግሉን የሰፋችው ሴት ያገኘችውና ገበያ ላይ የሸጠው ነጋዴ ያገኘው እኩል ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ ሥራውን ከያዝነው ሦስት ነገሮችን አብረን እንያዝ እንላለን። የሰፊዋ ሰዓት በደብተር ይመዝገብ፤ 480 ቀዳዳ የበሳ እጅ ድካሙ እንዲታወቅ። ክፍያው በተጠናቀቀ ሥራ ልክ ለሠሪዋ ይድረስ፤ ለማኅበሩ የሚቀረው ድርሻም በስብሰባ ይወሰን። ከሥራው ከሚገኘው የመጀመሪያ ገቢም አንድ ብስክሌት ለማኅበራችን ይገዛ፤ መንዳት የምትሻ አባል ሁሉ ተራ ይዛ ትማርበት። የምንለብጠውን መሪ ይዘን የማናውቅ ሰዎች ሆነን መቅረት የለብንም።

ጎረቤት ምን ይላል ለሚለው ደግሞ መልሳችን አጭር ነው። ጎረቤታችን በአንቀልባ ታዝሎ ያደገ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ስንሰጥ ይህንን ይዘን እንምጣ፤ ወስፌ ያላትም ወስፌዋን ትያዝ።