መነጽር ከምርመራ ቀድሞ፤ ስለ ሮቢት የዓይን ሕሙማን ጥያቄዎች ታሪካዊ አመጣጥ

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ጎብዬን አልፎ የሚገኘው የሮቢት ከተማ በስሙ የሮብን ቀን ያስታውሳል። በገበያ ቀን ከሜዳውና ከተራራው ሥር የሚመጣው ባላገር ማሽላውን፣ ጤፉንና ከብቱን ሸጦ ወደ ሸቀጥ ነጋዴዎች ዘንድ ጎራ ይላል፤ በዚያም ከመስተዋት፣ ከማበጠሪያና ከባትሪ ድንጋይ ጎን በሸራ ላይ የተደረደረ መነጽር ያገኛል። ገዥው ቁጢጥ ብሎ አንዱን ያደርጋል፤ የመዳፉን መሥመር ይመለከታል፤ ያወልቅና ሌላውን ያደርጋል። የሚያነብ ሰው ከሆነ ዳዊቱን ወይም ቁርኣኑን ይዞ ይመጣል። ልብስ ሰፊ ከሆነም መርፌና ክር ይዞ ነው። ክሩ ከመርፌው ቀዳዳ የገባ እንደሆነ መነጽሩ ልኩ ነው ይባልና ዋጋ ይቆረጣል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝ ይኸው የገበያ ምርመራ ነው። ወደ ሐኪም ቤት የሚሄዱ ያገሬ ሰዎች ስለ ዓይን ምርመራና ስለ መነጽር የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ጥቂትና ተመሳሳይ ናቸው፤ የተማርን ነን የምንለውም ስንሰማቸው ፈገግ እንላለን። ነገር ግን የጥያቄዎቹን ታሪክ ስንከታተለው አብዛኞቹ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ሳይቀር ለብዙ ዘመን ሲያከራክሩ የኖሩ ሆነው እናገኛቸዋለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። መነጽር የሚለው ቃል ነጸረ፣ ማለት ተመለከተ፣ አስተዋለ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው። አራት ዓይና የሚለው አነጋገር በፈረንጆች አገር መነጽር አድራጊ ተማሪ የሚሰደብበት ነው፤ በእኛ ሊቃውንት ዘንድ ግን ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን፣ አራቱን ጉባኤ የጨረሰ መምህር የሚከበርበት ማዕረግ ነው። አራት ዓይና ጎሹ በዚህ ስም የታወቁ ናቸው። ዓይናቸውን ያጡ የኔታዎች ቅኔና ዜማ ሲያስተምሩ መኖራቸውም የታወቀ ነው፤ ትምህርቱ በቃል የሚያዝ ስለሆነ ማየት የተሳነው መምህር ወንበሩን አይለቅም ነበር። በዚህ ምክንያት የዓይን መድከም ከሁሉ ይልቅ የጎዳው ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ የሚጽፈውን ቁም ጸሐፊ ይመስለኛል። እጁ ገና ሳይደክም ዓይኑ ይቀድመዋልና።

በአውሮፓም መነጽር የተጀመረው ለእንደዚህ ያለው ሰው ነው። ጆርዳኖ ዳ ፒዛ የሚባል መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1306 በፊሬንዜ ሲሰብክ ይህ ጥበብ ከተገኘ ገና 20 ዓመት እንዳልሞላው ተናግሯል። ስለዚህ መነጽር በኢጣልያ የተሠራው በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ መነጽሮች መካከላቸው ወፈር ያለ መስተዋት ያላቸውና ቅርብ ለማየት ለሚቸገሩ ሽማግሌዎች የሚያገለግሉ ነበሩ፤ ሩቅ ለማያዩት የሚሆነው መካከሉ የሳሳ መስተዋት የመጣው ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ በ15ኛው መቶ ዓመት ነው። በዚያው መቶ ዓመት የማተሚያ መኪና ሲወጣ አንባቢው በዛ፤ መነጽር ፈላጊውም አብሮ በዛ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። አውሮፓውያን መነጽር ከያዙ በኋላ ከ500 ዓመት በላይ ያለ ምርመራ ኖረዋል። መነጽር አዟሪው በትከሻው ሣጥን አንግቦ ከገበያ ገበያ ይዞር ነበር፤ ገዥውም አንዱን ሲያደርግ ሌላውን ሲያወልቅ ቆይቶ የተሻለውን ይገዛ ነበር። ይህ ልክ የሮቢቱ የሸራ ላይ ምርመራ ነው። የዓይንን ውስጥ ለማየት የሚያስችለውን መሣሪያ ሄልምሆልትዝ የሚባለው ጀርመናዊ ሊቅ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። ዛሬ በየሐኪም ቤቱ ግድግዳ የሚሰቀለውን፣ ፊደሉ ከላይ ወደ ታች እያነሰ የሚሄደውን ሠንጠረዥ የሆላንዱ ሐኪም ስኔለን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1862 ነው። ከዚህም በፊት ቶማስ ያንግ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1801 የዓይን ክበብ እኩል አለመሆን የሚያመጣውን ብዥታ ጽፎ ነበር፤ ሠራተኞቹና ነጋዴዎቹ ግን ለረጅም ጊዜ አላወቁትም።

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁ፤ ምኑን አንብብ ትለኛለህ?» የሚለው የሽማግሌዎች ጥያቄ የሚነሣው ከዚሁ ሠንጠረዥ ፊት ነው። ብዙዎች ፊደል ካላወቁ ዓይናቸውን ማስመርመር የማይችሉ መስሏቸው ያፍራሉ፤ ከበር የሚመለስም አለ። ስለዚህም አንድ ሦስት ጣት የመሰለ ምልክት ብቻ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እየዞረ የተጻፈበት ሠንጠረዥ ተሠርቷል፤ ታማሚው ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያመለክታል እንጂ አያነብም። በካርዱ ላይ የሚጻፈው 6/60 የሚለው ቁጥርም ምሥጢር የለውም። ደህና ዓይን በ60 ሜትር ርቀት የሚለየውን ምልክት ይህ ሰው በ6 ሜትር ቀርቦ ይለየዋል ማለት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «መነጽር ካደረግሁ ዓይኔ ይለምድበትና ይደክማል አይደለም?» የሚለው ነው። ይህን ከሮቢት እናቶችና አባቶች ስሰማ የአገር ቤት ፍርሃት ይመስለኝ ነበር። ይሁን እንጂ በድሬስደን የነበረው ጌዎርግ ባርቲሽ እ.ኤ.አ. በ1583 ባሳተመው ታላቅ የዓይን ሕክምና መጽሐፍ ሰዎች መነጽር እንዳያደርጉ መክሯል። በዘመኑ ከነበሩት የዓይን አካሚዎች የተመሰገነው ሰው እንዲህ ካለ የእኛ ባላገር ምን ያስወቅሰዋል? እውነቱ የታወቀው ቆይቶ ነው። የሆላንዱ ሊቅ ዶንደርስ እ.ኤ.አ. በ1864 ባወጣው መጽሐፍ፣ በ40 ዓመት ገደማ ቅርብ ማየት የሚያስቸግረው በዓይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ በዕድሜ ምክንያት እንደ ልብ መለጠጥና መኮማተር ስለሚሳነው መሆኑን አስረድቷል። መነጽር ቢደረግም ባይደረግም ይህ አይቀርም። ሰውየው መነጽሩን ካደረገ በኋላ ያለ እሱ ማንበብ የማይችል የሚመስለው የጠራውን ስላየ ብዥታውን መታገሥ ስለሚያቅተው ነው።

የዓይን በሽታ በአገራችን የድኃ ብቻ አልነበረም። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንድ ዓይናቸው የጠፋ እንደነበረ በ1830ዎቹ የጎበኟቸው አውሮፓውያን ጽፈዋል። በባላገሩ ዘንድ ጠበል፣ የቅጠል ጭማቂና የእናት ጡት ወተት በዓይን ላይ ማድረግ የተለመደ ነበር፤ በትግራይና በአጎራባቹ አገር ከቅንድብ አጠገብ የሚታየው ትንሽ የብጣት ምልክትም ብዙ ጊዜ በሕፃንነት ለዓይን ሕመም የተደረገ ነው። ዘመናዊው ሕክምና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገባ፤ በ1902 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የምኒልክ ሆስፒታል ኋላ የአገሪቱ ዋና የዓይን ሕክምና ቦታ ሆነ። የዓይን ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ግን በ1972 ዓ.ም. ገደማ ነው። መነጽር ለክቶ የሚያዝዝ የኦፕቶሜትሪ ባለሙያ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠልጠን የጀመረው ከዚያም በኋላ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። መነጽሩ ግን ይህን ሁሉ አልጠበቀም፤ በመኪና መንገዱ ከሌላው ሸቀጥ ጋር መጥቶ ሮቢት ገበያ ተዘረጋ። በእኛም አገር እንደ አውሮፓ ሁሉ መነጽር ከምርመራ ቀድሞ ደረሰ የምለው ስለዚህ ነው።

ለዕድሜ መነጽር ይህ ብዙ ጉዳት የለውም። ሁለቱም ዓይኖቹ እኩል የሆኑ ልብስ ሰፊ ከገበያ በገዛው መነጽር ዓመታት ሊሠራበት ይችላል፤ ዓይንህን ያጠፋዋል እያሉ ማስፈራራትም ተገቢ አይመስለኝም። ጉዳቱ ያለው መነጽር የማይመለከተውን በሽታ በመነጽር መሸፈኑ ላይ ነው።

በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ የተደረገው የዓይነ ስውርነት ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል። በዚያን ጊዜ ከሕዝቡ 1.6 ከመቶ ዓይነ ስውር፣ 3.7 ከመቶ ደግሞ የማየት ኃይሉ የደከመ ሆኖ ተገኘ። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ ነው፤ በማዝ፣ ማለት በትራኮማ ምክንያት የመጣ ጠባሳ 11.5 ከመቶ ያህሉን ይይዛል። መነጽር የሚያቃናው ጉድለት ከዓይነ ስውርነቱ 7.8 ከመቶ ብቻ ሲሆን ከማየት መድከሙ ግን አንድ ሦስተኛውን ይይዛል። እንግዲህ ከደከሙት ከሦስቱ አንዱ በመነጽር ይድናል፤ ሁለቱ ግን ሸራው ላይ ሲፈልጉ ቢውሉ አያገኙትም። በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት ሕፃናት 62.6 ከመቶ የሚሆኑት በዚያው ጥናት ሕያው ማዝ ተገኝቶባቸዋል።

የማዝ ነገር በቤተ ሰባችን ስለደረሰ በጥቂቱ ልግለጸው። አንዲት አክስቴ ዓይኗ ሲያነባና ብርሃን ሲፈራ ዕድሜ ነው ብላ ከገበያ መነጽር ገዛች። አንዱ አልሆን ሲል ሁለተኛ ገዛች፤ ጎረቤት ደግሞ ሦስተኛ አዋሰቻት። በየሳምንቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ልጇ ወረንጦ ይዛ ወደ ውስጥ የዞረውን ሽፋሽፍት ትነቅልላታለች። ፀጉሩ ተነቅሎ ሲያድግ አጭርና ጠንካራ ሆኖ የዓይንን ጥርት ያለ ሽፋን እንደ ገለባ ይፍቀዋል፤ የተፋቀውም ቦታ ይነጣል። ጸሐፊው ይህን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያይ የኖረ ሲሆን እንደ ሹሩባ መሠራት ያለ የቤት ሥራ ይመስለው ነበር። አክስቴ የሽፋሽፍቱን አቅጣጫ የሚያቃናው ቀላል ቀዶ ሕክምና መኖሩን ያወቀችው ዘመቻ ሲመጣ ነው። ያደረገችውም ይህን ሥራ የሠለጠነ ነርስ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፈጀም። ፍተጋው ቆመ። የነጣው ጠባሳ ግን እንደ ነበረ ቀረ፤ በቀኝ ዓይኗ የሰው ጥላ እንጂ መልክ አትለይም። ሦስቱ መነጽሮች የበሉት ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የበሉት ዓመት ግን የሚመለስ አይደለም።

ፊት መታጠብን፣ የአካባቢ ንጽሕናን፣ መድኃኒትንና ቀዶ ሕክምናን ያጣመረውን የማዝ መከላከያ ዘዴ የዓለም ጤና ድርጅት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። በአማራ ክልልም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የወባና የትራኮማ ሳምንት እየተባለ መድኃኒቱ በዘመቻ ሲታደል ቆይቷል። ከዚህ በተለየ ዝም ብሎ የሚመጣው ግላኮማ ነው። አያምም፣ አያነባም፤ ከዳር እየጨለመ ወደ መካከል ይገባል፤ የጠፋውም አይመለስም። መርፌ በክር የሚያስገባ ሰው ግላኮማ ሊኖረው ስለሚችል የሸራ ላይ ምርመራ ፈጽሞ አይደርስበትም። «ደህና እያየሁ ለምን እመረመራለሁ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

በመጨረሻ «ሌንስ» ስለሚባለው ነገር። በሮቢት ይህ ቃል ሁለት ነገሮችን አደባልቋል። አንዱ የዓይን ሞራ ሲወጣ በቦታው ለዘወትር የሚተከለው ነው፤ ይህን ሃሮልድ ሪድሊ የተባለው እንግሊዛዊ በለንደን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1949 ጀመረ። የጦር አውሮፕላን መስኮት ስባሪ በዓይናቸው የገባባቸውን አብራሪዎች ሲያክም ዓይን ያንን ነገር ሳይቆጣ መቀበሉን አይቶ ነበር። ሁለተኛው በዓይን ላይ ጠዋት ተለጥፎ ማታ የሚወልቀው ነው። ይህንን ፊክ የተባለ ሐኪም በዙሪክ እ.ኤ.አ. በ1888 ከመስተዋት ሠርቶ መጀመሪያ በጥንቸል፣ ቀጥሎ በራሱ ዓይን ሞከረው፤ ለጥቂት ሰዓት እንጂ የሚቻል አልነበረም። ለስላሳውን የቼኩ ኬሚስት ኦቶ ቪክተርሌ እ.ኤ.አ. በ1961 በልደት ሰሞን ከልጆች መጫወቻ ብረታ ብረት ባበጀው መኪና በቤቱ ሠራ።

ሁለቱ ሲደባለቁ የሚያስከትለው ጉዳት አለ። የሞራ ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ሽማግሌ «ሌንስ ይገባልሃል» ሲባል ከተማ ያሉት ወጣቶች በየቀኑ የሚያጥቡት ነገር ይመስለውና «ማን ያጥብልኛል? ከዓይኔ ጀርባ ቢገባስ?» ብሎ ይቀራል። የሚተከለው አይታጠብም፣ አይወልቅም። የሚለጠፈውም ቢሆን ከዓይን ጀርባ ሊገባ አይችልም፤ ነጩን የዓይን ክፍል የሚሸፍነው ስስ ቆዳ ወደ ሽፋሽፍቱ ውስጥ ታጥፎ መንገዱን ዘግቶታል። የሚያሰጋው ሌላ ነው። የሚለጠፈው ሌንስ በተዘጋጀለት ንጹሕ ፈሳሽ እንጂ በቧንቧ ወይም በጉድጓድ ውሃ፣ ይልቁንም በምራቅ አይታጠብም፤ በውሃ ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላልና። በበጋ አቧራው በሚያጨልመውና ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት በራያ ቆላ ይህን ጠብቆ መኖር ከባድ ነው። ለተማሪዎቻችን መነጽሩ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከሮቢት ተነሥቶ ለሙሉ ምርመራ የሚሄድ ሰው የሚያመራው ወደ ወልድያ፣ ከዚያም ወደ ደሴና ቦሩ ሜዳ ነው። የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፈው ስለነበር የዓይን መመርመሪያ መሣሪያ ካለበት ቦታ መድረስ ለብዙ ጊዜ ከፊተኛውም ዘመን የባሰ ሆኖ ነበር። በዚያም ወራት መንገዱ እንደተከፈተ ፈጥኖ ወደ ገበያው የተመለሰው የመነጽር ሸራ ነበር።