ይወረድ ወይስ ይሸጥ?

በአዲስ አበባ ጋራዦች ውስጥ አንዲት አጭር ግን ውድ ጥያቄ አለች፤ "ይወረድ ወይስ ይሸጥ?" የሚወረደው ሞተሩ ነው። የሚሸጠው መኪናው ነው፤ አንዳንዴም ከመኪናው ጋር የቤተሰቡ እንጀራ አብሮ ይሄዳል።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ጥያቄዋ የእኛንም ቤት አንኳኳች። ቂርቆስ ያሳደገችን፣ የትምህርት ቤት ከፍላ ጋዜጠኝነት ያስመረቀችን የአባታችን ሰማያዊና ነጭ ላዳ፣ ጠዋት ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረች። ከመስቀል አደባባይ በኢሲኤ በኩል ሽቅብ ወደ ካዛንቺስ ስትወጣ ታቃስታለች። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አዳመጣትና "ጋሼ፣ ዘይት እየበላች ነው፤ ይወረድ?" አለ። አባታችን ዝም አለ። እኛ የተማርነው ግን ቸኮልን፤ "አባዬ፣ ይሸጥ በቃ!" አልን።

"ሸጬስ ምን ልግዛበት?" አለን።

መልስ አልነበረንም። መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ስንሄድ፣ ጥያቄው ከአባታችን ላዳ በፊት የነበረ ሆኖ አገኘነው።

መጀመሪያ በሽታውን እንረዳ። ሞተር ሲያረጅ መካኒኮቻችን ፋሻ የሚሉት የፒስተን ቀለበት ያልቃል፤ ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደርም ይሰፋል። በክፍተቱ ዘይት ሽቅብ ወደ ማቃጠያው ይገባል፤ ሰማያዊ ጭስ የሚባለው እሱ ነው። በዚያው ክፍተት የሞተሩ ጉልበት ወደ ታች ያመልጣል። መድኃኒቱ ሞተሩን አውርዶ ሲሊንደሩን በማሽን እኩል አስፍቶ ወፈር ያለ ፒስተን መክተት ነው። የላዳ 1200 ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 76 ሚሊ ሜትር ነው። ለጥገና የሚሠሩት ፒስተኖች 76.4 እና 76.8 ናቸው። እንግዲህ ሞተሩ ከመጀመሪያው ዕድሜው በኋላ ሁለት ዕድሜ ተሰጥቶታል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አማራጭ ካሚቻ ማስገባት፣ ማለትም ያለቀውን ሲሊንደር በአዲስ ቱቦ ማልበስ ነው።

ካሚቻ ጣሊያንኛ ነው፤ ሸሚዝ ማለት ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ብሮንዚና፣ ጓርኒሲዮን የምንላቸውም እንዲሁ። የምንኖርበት ሰፈር ራሱ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ካዛንቺስ ስሙን የወሰደው ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራ ሳለ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምሕፃረ ቃል፣ ከ"ካዛ ኢንቺስ" ነው። እዚያው ቂርቆስ ውስጥ ያለው ላንቻ ደግሞ የላንቺያ መኪና ስም ነው። ወራሪው ተባሮ ሲወጣ ብዙ መኪናና የተወሰኑ መካኒኮች ቀሩ። አዲስ አበቤ ሞተር መፍታትን የተማረው በጠላት ቋንቋ፣ በተማረከ ብረት ላይ ነው።

በንጉሡ ዘመን ታክሲው ፊያት 600፣ ሴይቼንቶው ነበር። ሞተሩ ከኋላ፣ ጉልበቱ ከስሙ ያነሰ ትንሽ መኪና። የታክሲ ሰው ሒሳብ ግን ትንሽ እንዳልነበረ አገር ያወቀው በ1966 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መግቢያ የአረብና የእስራኤል ጦርነት የዓለምን የነዳጅ ዋጋ ሰቀለው፤ መንግሥትም ቤንዚን ላይ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ቀን አደሙ። መንግሥት በቀናት ውስጥ ከጭማሪው ቀነሰ። በየካቲት መጨረሻ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ዙፋኑን ሴይቼንቶ ጣለው አንልም። ዕለታዊ ሒሳቡ ያልገጠመለት ሰው ግን ከጣሉት መካከል ነበር።

ከዚያ ደርግ ወደ ሞስኮ ዞረ፤ ላዳም ወደ እኛ መጣች። የሚገርመው፣ መካኒኮቻችን አዲስ ቋንቋ መማር አላስፈለጋቸውም። ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ፣ በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተጠራች ከተማ ፋብሪካ ተክላ ነበርና ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 መውጣት የጀመረችው መኪና የተቀዳችው ከፊያት 124 ነው። ሞተሯን ሩሲያውያን አሻሽለውታል፤ የካንዴላና የፍሪሲዮን አገር ልጅነቷ ግን አልጠፋም።

ከዚሁ ፋብሪካ ለእኛ ያልደረሰች አንዲት እህት ላዳም ነበረች። ፒስተን የሌለው፣ ሦስት ማዕዘን ብረት እየተሽከረከረ የሚሠራው የቫንክል ሞተር የተገጠመላት ናት። ሩሲያውያኑ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ለፖሊስና ለጸጥታ ሠራተኞች ሠሯት። ፈጣን ነበረች፤ ግን በሦስት ማዕዘኑ ጫፎች ላይ ያሉት ማሸጊያዎች ቶሎ እያለቁ የብዙዎቹ ሞተር በወራት ውስጥ ተቀየረ። የጀርመኑን ኤን.ኤስ.ዩን ያቆሰለው፣ ማዝዳን ለዐሥርት ዓመታት ያታገለው ይኸው በሽታ ነው። ዛሬም ተርቦ ያለው የማዝዳ አር.ኤክስ.7 ባለቤት ማሸጊያው ሲያልቅበት የሚጠይቀው የእኛን ጥያቄ ነው፤ ላሠራው ወይስ ልገላገለው? ልዩነቱ አንድ ነው። ለእሱ መኪናው የእሑድ ፍቅር ነው። ለእኛ የሰኞ እንጀራ ነው።

ለዚህ ነው አዲስ አበባ ውስጥ መልሱን ሞተሩ ብቻውን የማይሰጠው። ከአብዮቱ በኋላ ንብረት ሲወረስና የውጭ ምንዛሪ ሲጠብቅ፣ አዲስ መኪና ማስገባት ለተራው ሰው የማይታሰብ ሆነ፤ ያለው ይወረድ ተባለ። በ2012 ዓ.ም. አዲሱ የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ታክሱን እንደ ዕድሜው ከፍ አደረገው፤ ያለው ይወረድ ተባለ። በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲለቀቅ ዋጋው ወረደ፤ የመለዋወጫም ዋጋ ተሰቀለ። ላዳዋን የሠራው ፋብሪካ ደግሞ ከእሷ ዘር የመጨረሻዎቹን ሞዴሎች ማምረት እ.ኤ.አ. በ2012 አቁሞ ነበር። በር በተዘጋ ቁጥር ሞተር ይወረዳል።

እኛ ኤሌክትሪክ መኪናን አንጠላም። የላዳዋን ጭስ የሚተነፍሱት የቂርቆስ ልጆች ናቸው፤ እኛም ተንፍሰነዋል። "አሮጌ መኪና ቅርስ ነው" ብለን የምናለቃቅስም አይደለንም። አዲሱን ለመግዛት ግን አሮጌው ሲሸጥ አንድ ነገር ማውጣት አለበት። የኮድ 1 ላዳ ዋጋ ወደ አዲሱ ዘመን የሚያሻግር ድልድይ አይሆንም፤ ግማሽ ድልድይም አይሆን። ሕግ የሚያወጡት ሰዎች ባለ ላዳውን "ግትር" ከማለታቸው በፊት የአባታችንን ጥያቄ ቢመልሱልን ደስ ይለናል።

ጋራዡም እንደ ቀድሞው ቅርብ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት በብዛት ሲፈርስ መካኒኩ ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማው ዳር ወጣ። ላዳዋን ከቂርቆስ ድረስ አስጎትተን ወሰድናት። ቴስታታው ተነሣ፤ ሲሊንደሩ ተለካ። 76.8 ሆኖ ተገኘ። ሁለቱንም ዕድሜዋን ጨርሳለች።

መካኒኩ አባታችንን አየው። እኛ ዘንድሮስ "ይሸጥ" ይላል ብለን ጠበቅን። አባታችን እጁን በጨርቅ ጠረገና "ካሚቻ አግባባት" አለ።

ስንመለስ በሚኒባስ ነበር። አባታችን መስኮቱ ጋ ተቀምጦ በጣቱ ይቆጥራል፤ በቀን ስንት ብር ብትገባ ወጪዋን በስንት ወር እንደምትመልስ። እኛም ይሸጥ ያልነው ልጆች አብረነው ቆጠርን። እስከ ጥምቀት ደረስን። ከጥምቀት በኋላ ያለው የእሷ ትርፍ ነው።