የሳይንስ ጽሑፍ ቋንቋና የጸሐፊው ተጠያቂነት፦ ከላቲን እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት



ኒውተን የእንቅስቃሴ ሕጎቹን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው በላቲን ነበር፤ ስለ ብርሃን የጻፈውን መጽሐፍ ግን በ1704 በእንግሊዝኛ አወጣው። ይሁንና እንግሊዝኛ ብቻውን ለመንገሥ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። አይንስታይን በ1905 ዝነኛ ጥናቶቹን ያቀረበው በጀርመንኛ ነበር። ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ ጀርመንኛ ሲያፈገፍግ እንግሊዝኛ የሳይንስ ዋና በር ሆነ።

በዚህ በር ለማለፍ ግን ቀረጥ ይከፈላል። በ2023 በፕሎስ ባዮሎጂ የታተመና 908 የአካባቢ ሳይንስ ተመራማሪዎችን የጠየቀ ጥናት እንዳመለከተው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸው በቋንቋ ሳቢያ ውድቅ የመሆኑ ዕድል ከአፍ መፍቻ ተናጋሪዎቹ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ከፍተኛ ትምህርቷን በእንግሊዝኛ የምትሰጠው አገራችንም የዚህ ቀረጥ ከፋይ ናት።

ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 ለሕዝብ ሲቀርብ ቀረጡ በድንገት ቀለለ። አሻራውም ብዙ ሳይቆይ ታየ። ከ15 ሚሊዮን በላይ የሕክምናና የሥነ ሕይወት አኅጽሮተ ጥናቶችን የመረመረ ሥራ፣ እንደ «ዴልቭ» ያሉ ቃላት ያለወትሯቸው መብዛታቸውን ተከታትሎ፣ በ2024 ከወጡት ቢያንስ 13.5 በመቶው በእነዚህ መሣሪያዎች እንዳለፉ ገምቷል።

ኔቸርና ሳይንስ የተባሉት መጽሔቶች በጥር 2023 መሣሪያው በጸሐፊነት እንዳይመዘገብ ወሰኑ። ጸሐፊ ማለት ለጻፈው የሚጠየቅ ሰው ነውና። መሣሪያው የሌለ ዋቢ ፈጥሮ ቢያቀርብ እንኳ የሚጠየቅበት አንደበት የለውም።

ታዲያ አጥፊውን በማሽን መለየት ይቻላልን? በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ሰባት መለያ መሣሪያዎችን ሲፈትሽ፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በራሳቸው እጅ ከጻፏቸው የቶፍል ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላዩን የማሽን ሥራ ብለዋቸዋል። ቀረጡን ሲከፍል የኖረው ሰው አሁን ደግሞ ያለ ጥፋቱ ተከሳሽ ሊሆን ነው።

ያማረ እንግሊዝኛ ለረጅም ጊዜ የጥንቁቅ አእምሮ ምስክር ተደርጎ ተቆጥሯል። ያ ምስክርነት ዛሬ ዋጋ አጥቷል። ሰሙን ማሳመር ለሁሉም ከቀለለ፣ ገምጋሚው ወርቁን፣ ማለትም መረጃውን፣ ስልቱንና አመክንዮውን መፈተሽ አለበት። ተማሪውንም በመለያ ማሽን ውጤት ከመፍረድ ይልቅ ፊት ለፊት ጠይቀን እንስማው፤ የሥራውን እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በቃሉ ማስረዳት ከቻለ ጽሑፉ የእርሱ ነው።