ለእግር ወይስ ለሰው?

አበው «ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ» ይላሉ። እነዚሁ አበው ደግሞ «ከሰው ስሕተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም» ብለው ያጽናናሉ። ሁለቱን ምሳሌዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያያቸው ሰው በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚከራከሩ ሽማግሌዎች ይመስላሉ፤ አንደኛው በሩን ይዘጋል፣ ሁለተኛው ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣው የወደድሁት ጥያቄ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። አንድ ስፖርተኛ ሲያጠፋ አሰልጣኙ፣ ከፍ ሲልም አገሩ፣ ሁለተኛ ዕድል ሊሰጠው ይገባልን? ቢሰጠውስ፣ ዕድሉ የሚሰጠው ለሰውየው ነው ወይስ ለእግሩ?

ጥያቄውን ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ የራሳችን የሩጫ ታሪክ በቂ ምስክር ነው። ከአበበ ቢቂላ እንጀምር። አበበ በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960) በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ከዚያ ድል ሦስት ወር ያህል ብቻ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ሙከራው ከሸፈ። ግርማሜ ሲሸሹ ሞቱ፤ ጄኔራሉም በዚያው ዓመት በስቅላት ተቀጡ። ከክብር ዘበኛው ሠራዊት የሞተው ሞቶ፣ የቀረው ታሰረ፣ ተባረረ። አበበም በነገሩ እጁ ባይኖርበትም ለአጭር ጊዜ ተይዞ ተጠየቀ፤ ከዚያም ተለቀቀ።

ከተለቀቀ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከአሰልጣኙ ከሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ጋር ወደ ልምምዱ ተመለሰ፤ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላው በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህን ሳስብ ግን ሌላ አንድ ሰው ይታየኛል፦ በዚያው ካምፕ ያደረ፣ እንደ አበበ በሤራው እጁ ያልነበረበት፣ እንደ አበበ የተያዘ፣ ነገር ግን አንገቱ ላይ ወርቅ ያልነበረው ወታደር። ለእርሱስ በሩን ማን ከፈተለት?

ሁለተኛው ምስክሬ ምሩፅ ይፍጠር ነው፤ አገር ያወጣለት ስም «ማርሽ ቀያሪው»። የምሩፅ ታሪክ ከአበበ ይልቅ ለጥያቄያችን ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም በምትባል ከተማ፣ አፍሪካና አሜሪካ በገጠሙበት ውድድር ላይ ምሩፅ በ5,000 ሜትር ዙሩን ተሳስቶ ቆጠረ። አንድ ዙር እየቀረው ሩጫው ያለቀ መስሎት ተፈትልኮ ወጣና ቆመ። በዚያው ውድድር በ10,000 ሜትር ሲሰለፍ ግን አሸነፈ። የመጀመሪያዋ ሁለተኛ ዕድሉ ይህች ነበረች፤ ትንሽ ናት፤ ዕዳዋንም እዚያው ከፈለ።

የሙኒኩ ግን ከበደ። በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ (እ.ኤ.አ. 1972) ምሩፅ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ያን ሩጫ ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን መካከል ላይ ወድቆ፣ ተነሥቶ፣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ ያሸነፈበት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ቀጥሎ የ5,000 ሜትር ማጣሪያ ነበር። ምሩፅ በመነሻው መሥመር ላይ አልተገኘም። ምክንያቱ እንደ ተራኪው ይለያያል፤ አንዱ ሰዓት አለፈው ይላል፣ አንዱ በተሳሳተ በር ተመራ ይላል፣ አንዱ ጥፋቱን በአሰልጣኞቹ ላይ ያደርሳል። አገር ቤት ሲመለስ የጠበቀው ግን አበባ አልነበረም፤ ሆን ብሎ አገሩን እንዳዋረደ ተቆጥሮ ታሰረ። የነሐሱ ሜዳሊያ ከወህኒ አላዳነውም።

ከእስር የወጣው ለሩጫ ነው። በጥር 1965 ዓ.ም. ሌጎስ ላይ በተደረገው የመላው አፍሪካ ጨዋታ ተሰልፎ በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ5,000 ሜትር ብር አመጣ። ትናንት ከሐዲ የተባለ ሰው ዛሬ ጀግና ተባለ። ከዚያ በኋላም ዕድል በቀላሉ አልተገራለትም፤ በ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1976) አገራችን በኒውዚላንድና በደቡብ አፍሪካ የራግቢ ግንኙነት ምክንያት ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ከቀሩት አገሮች አንዷ ስለነበረች ሳይሮጥ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1977 በዱሴልዶርፍ፣ በ1979 ደግሞ በዚያችው ሳይሮጥባት በቀረባት በሞንትሪያል፣ በዓለም ዋንጫ 5,000ውንም 10,000ውንም ደጋግሞ አሸነፈ። በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1980)፣ ከሙኒክ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በአሰልጣኝ ንጉሤ ሮባ የሚመራው ቡድን ሞስኮ ሲገባ ምሩፅ ጠጉሩ የሸሸ፣ ዕድሜው የሚያከራክር ሰው ነበር። ሁለቱንም ወርቅ ይዞ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ሁለተኛ ዕድል መልካም ለመሆኑ ማስረጃ አድርገን ስንተርከው ኖረናል። እኔም ደስ ብሎኝ እተርከዋለሁ። ነገር ግን ቀስ ብሎ ለሚያነበው ሰው አንድ የሚጎረብጥ ነገር አለው። ምሩፅ የተፈታው ንጹሕነቱ ተመርምሮ ነውን? ወይስ ለሌጎስ ሯጭ ስለተፈለገ? ጥፋት ካልነበረው መታሰር አልነበረበትም፤ ጥፋት ከነበረው ደግሞ ፍጥነቱ ጥፋቱን አይሽረውም። ያን ጊዜ በዚያ ወህኒ ቤት አብሮት ያደረና የሚሮጥ እግር ያልነበረው እስረኛ በጥር ወር በሩ አልተከፈተለትም። ስለዚህ ለምሩፅ የተደረገለትን ምሕረት ብለን ለመጥራት ይከብደኛል፤ ለእግሩ የተከፈለ ዋስ ነበር። እርሱ ግን ያን ዋስ በላቡ ወደ ክብር ለወጠው፤ ውለታው የእርሱ እንጂ የአሳሪዎቹ አይደለም።

ዕድል ለእግር ብቻ ሲሰጥ ወዴት እንደሚያደርስ ከባሕር ማዶ አንድ መራራ ምሳሌ ላምጣ። በአሜሪካ የኮሌጅ ቡድኖች በሚጫወቱት፣ እነርሱ ፉትቦል በሚሉት፣ ከኛ እግር ኳስ በተለየ ጨዋታ፣ ነብራስካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1995 ሎውረንስ ፊሊፕስ የሚባል ድንቅ ሯጭ ነበረው። ፊሊፕስ በዚያ ዓመት መስከረም የቀድሞ ፍቅረኛውን ደበደበ። አሰልጣኙ ቶም ኦዝቦርን አገዱት፤ ውድድሩ ሳያልቅ ግን መለሱት። ክርክራቸው ተራ አልነበረም፤ ልጁ ያለ አባት ያለ እናት በየማደጎው ያደገ ነውና ከቡድኑ ከተቆረጠ የሚይዘው ገመድ አይኖረውም የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1996 ፊሊፕስ በዋንጫው ጨዋታ ላይ ተሰለፈ፤ ነብራስካም ፍሎሪዳን 62 ለ 24 ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ የፊሊፕስ ሕይወት ከጥፋት ወደ ጥፋት ተንከባለለ፤ የረጅም ዘመን እስር ተፈርዶበት እ.ኤ.አ. በ2016 በካሊፎርኒያ ወህኒ ቤት ውስጥ በ40 ዓመቱ ሞተ።

የኦዝቦርንን ልብ ልመረምር አልችልም፤ ለልጁ አዝነው ይሆናል። ነገር ግን ዕድሉን የሰጡት ሰው ከዕድሉ ዋንጫ የሚያተርፉ ሰው ነበሩ። የተደበደበችው ወጣትስ? ይቅርታ የማድረጉ ሥልጣን ከማንም በፊት የእርሷ ነበር። በምሩፅና በፊሊፕስ መካከል ያለውም ትልቁ ልዩነት ይህ ይመስለኛል። ምሩፅ አጠፋ ቢባል እንኳ የቀረችው ሜዳሊያ ናት፤ በፊሊፕስ እጅ ግን ሰው ተጎድቷል።

ይህን የምጽፈው ከማንኩሽ ነው። ማንኩሽ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ የጉባ ወረዳ ከተማ ናት፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ወረዳ ነው። እዚህ ቆላ ፀሐይ ሳትበርድ ኳስ አይነካም። አመሻሽ ላይ ወጣቶችን የሚያሰለጥን አንድ ወዳጅ አለኝ። ባለፈው ዓመት ከቡድኑ ሁሉ የላቀው አጥቂ በዕድሜ የሚያንሰውን የቡድን ጓደኛውን በቡጢ መትቶ ጥርሱን ሰበረው። ወዳጄ አባረረው። ሳምንት ሳይሞላ ትልቅ ግጥሚያ መጣና ሰው ሁሉ «ይቅር በለው፣ ልጅ ነው» ይለው ጀመር። እኔን ሲያማክረኝ «የተመታውን ልጅ ጠየቅኸው?» አልሁት። ሄዶ ጠየቀው። ልጁ አፉን በእጁ ሸፍኖ፣ «ጋሼ፣ ይመለስ፤ እኔ ባለሁበት ቡድን ግን አይሁን» አለ።

ወዳጄ ቃሉን አከበረ። አጥቂው ከታናናሾቹ ጋር እንዲለማመድ ተደረገ፤ በግጥሚያው ቀን ከመሥመር ውጭ ቆሞ ውኃ ሲያቀብል ዋለ። ቡድኑ ተሸነፈ። ብዙ ሰው ወዳጄን ወቀሰው። አጥቂው ግን እስከ ዛሬ ልምምድ አልቀረም፤ ሁለቱ ልጆች ገና አልታረቁም።

የዚህ አገር ሰው የይቅርታን ሥርዓት ከአሰልጣኝ አልተማረም። በመተከል ጉሙዞችና ጎረቤቶቻቸው ደም ሲቃቡ በሽማግሌ የሚታረቁበት ማንጊማ የሚባል ሥርዓት አላቸው። በሌላውም አገራችን ሽምግልና አለ። በዳይ ፊት ለፊት ይቀርባል፤ ጥፋቱን በአፉ ያምናል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለውን ቃል ግን ከተበዳይ በቀር ማንም ሊለው አይችልም። መተከል ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ደም የፈሰሰባት ምድር ናት፤ በ2015 ዓ.ም. ከጉሙዝ ታጣቂዎች ጋር የሰላም ስምምነት ሲፈረምም ከጫካ ለተመለሱት ወጣቶች ሁለተኛ ዕድል ተሰጥቷል። ያ ዕድል እንዲጸና የሞተባት እናት ቃል ይደመጥ ዘንድ ግድ ነው። በኳስ ሜዳም ያለው ሕግ ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

እንግዲህ የጠየቅሁትን ልመልስ። አዎን፣ አሰልጣኝ ላጠፋ ልጅ ሁለተኛ ዕድል ሊሰጠው ይገባል፤ በሩ የተዘጋበት ወጣት ወዴት እንደሚሄድ በዚህ አካባቢ በዓይናችን አይተናል። ነገር ግን አስቀድሞ የተበዳዩን ደጅ ያንኳኳ። ቀጥሎም ያችኑ ዕድል ተቀያሪ ወንበር ላይ ለሚቀመጠውና ጎል አግብቶ ለማያውቀው ልጅ ይሰጥ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። በመጨረሻም ልጁ ነገ እግሩ ቢሰበር ወደ ልምምድ ሜዳው እንዲመጣ ይጠራው እንደሆነ ያስብ። የሚጠራው ከሆነ የሰጠው ዕድል የእውነት ነው፤ ካልሆነ ግን ይቅር ያለው ልጁን ሳይሆን እግሩን ነው።